ባለ .22 የአደን ጠመንጃ ሲበትን፦ መንስኤውን ደረጃ በደረጃ የማግኛ መመሪያ

ጤነኛ የሆነ ባለ .22 ሎንግ ራይፍል ጠመንጃ፣ የሚስማማውን ጥይት ካገኘ፣ በ50 ያርድ (46 ሜትር) ላይ አምስት ጥይት 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ ማሳረፍ አለበት። ጥሩ የሚባለው 15 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይከታል። የእናንተ 50 ወይም 60 ሚሊ ሜትር ድረስ የሚበትን ከሆነ አንድ የተበላሸ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የበርሜሉ አይደለም። የላላ ብሎን፣ ያልተስማማ ጥይት፣ ማጉረሻው (ጥይቱ ሲተኮስ የሚቀመጥበት የበርሜሉ ኋለኛ ጫፍ) ውስጥ የተጋገረ ጥላሸት ወይም ውስጡ የላላ ማነጣጠሪያ መነጽር ነው።

ሰዎች መፍትሔ የሚያጡት ሁሉንም በአንድ ቀን ስለሚነካኩ ነው። መነጽሩን ያዞራሉ፣ ጥይት ይቀይራሉ፣ በርሜሉን ይወለውላሉ፣ ብሎን ያጠብቃሉ። ቢሻለው እንኳ የትኛው እንዳሻለው አይታወቅም፤ ሲመለስባቸውም ከዜሮ ይጀምራሉ። እዚህ ያለው ቅደም ተከተል የተደረደረው ከማያስከፍለው ወደሚያስከፍለው፣ መመለስ ከሚቻለው ወደማይቻለው ነው። ደረጃ አትዝለሉ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትቀይሩ።

መመሪያው የተጻፈው በቦልት (በእጅ በሚከፈትና በሚዘጋ መዝጊያ) ለሚሠራ ባለ .22 ነው። እንደ ሩገር 10/22 ያሉ በራሳቸው የሚያጎርሱ ጠመንጃዎች የሚለዩበት ቦታ ላይ ለብቻው ተጠቅሷል። ርቀትና የብሎን ጥብቀት በአሜሪካ መለኪያ ተቀምጠዋል፤ የጥይት ሳጥኑም የመሣሪያው መመሪያም በዚያ ስለሚጽፍ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በኢንች-ፓውንድ የሚለካ የቶርክ ካቻቪቴ፣ ለብሎኖቹ ልክ ከሚሆኑ ጫፎች ጋር። የማይገጥም ካቻቪቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል።
- ከፊትና ከኋላ የሚደገፍባቸው ሁለት የአሸዋ ከረጢቶች
- ያልተገጣጠመ፣ ባለ አንድ ወጥ የመወልወያ ዘንግ፣ የ.22 ነሐስ ብሩሽ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ የበርሜል ማጽጃ ፈሳሽ
- አልኮል፣ የጆሮ ጥጥ፣ የእጅ ባትሪ፣ አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር
- ካሊፐር ወይም ሚሊ ሜትር ያለበት ማስመሪያ
- ደብተርና እርሳስ። የጥይቱን ስም፣ የሎት ቁጥሩን (በአንድ ዙር አብረው የተመረቱትን የሚለየውን)፣ ነፋሱንና የለካችሁትን የምትጽፉበት ነው፤ በቃል የተያዘ ውጤት አያስተማምንም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ብሎን ከመንካት፣ ከመወልወልና በአፈሙዝ በኩል ከማየት በፊት ካዝናውን አውጡ፣ ቦልቱን ክፈቱ፣ ማጉረሻውን በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣትም አረጋግጡ። ጥይቱን በሌላ ክፍል አስቀምጡ።

ተኩሱ በተፈቀደ ቦታ፣ ከኋላው የአፈር ክምር ባለበት ይሁን። የ.22 ጥይት ሳጥን ላይ አረሩ እስከ 1.5 ማይል (2.4 ኪሎ ሜትር) እንደሚሄድ የሚያስጠነቅቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከድንጋይ፣ ከጠንካራ መሬትና ከውኃ ላይም ይነጥራል።

ሁለት ነገሮችን ለይታችሁ እወቁ። ቃታ ስባችሁ ጥይቱ ካልፈነዳ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዛችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ከተለመደው የደከመ ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ሌላ ጥይት አታጉርሱ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ ሁለተኛው ሲከተለው በርሜሉ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ጠመንጃውን አራግፉ፣ ቦልቱን አውጡ፣ በርሜሉ ወለል ብሎ እስኪታይ ድረስ ሥራ አቁሙ።

እርሳስ ነክታችኋል። ከመብላታችሁና ልጅ ከማቀፋችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ደረጃ 1፦ መነሻውን ለኩ

ምን ያህል እንደሚበትን በቁጥር ካላወቃችሁ መሻሉንም አታውቁም።

1. ነፋስ በሌለበት ጠዋት ሂዱ። በሰዓት 10 ማይል (በሴኮንድ 4.5 ሜትር ገደማ) ከጎን የሚነፍስ ነፋስ የ.22 አረርን በ50 ያርድ ላይ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ በ100 ያርድ ላይ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይገፋዋል። ነፋስ ባለበት ቀን የሚለካው ነፋሱ ነው።
2. የፊተኛው ከረጢት ከእንጨቱ (በርሜሉ ከተቀመጠበት አካል) ሥር ይሁን እንጂ በርሜሉን አይንካ። በየተኩሱ ያው ቦታ ላይ ይረፍ፤ እንጨቱ ላይ በቴፕ ምልክት አድርጉ። የኋለኛው ከረጢት ከሰደፉ ሥር ይገባል፤ ከፍታውን እሱን በመጭመቅ አስተካክሉ። ጠመንጃው ላይ የሚገጠም ባለ ሁለት እግር መደገፊያ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይዘላልና ለዚህ ሙከራ አውልቁት።
3. ቃታውን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ከተኮሳችሁ በኋላም ለአንድ ሰከንድ ያህል ሳትለቁት ያዙ። የ.22 አረር ቀርፋፋ ስለሆነ በርሜሉ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ቶሎ ራሱን የሚያነሳ ሰው የሚበትነው በዚህ ነው።
4. በአንድ ወረቀት ላይ አምስት ነጥቦች አድርጉ፤ በእያንዳንዱ ላይ አምስት ጥይት ተኩሱ። ጥይቶቹ ከነጥቡ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ብለው እንዲያርፉ አድርጉ፤ የምታነጣጥሩበት ነጥብ ሲቦጫጨቅ ማነጣጠር ይቸግራል።
5. በየስብስቡ በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለኩና 5.6 ሚሊ ሜትር ቀንሱ። የአምስቱ ስብስቦች አማካይ መነሻችሁ ነው።

በሦስት ጥይት አትፍረዱ። የሚበትን ጠመንጃም አንዳንዴ ሦስት ቀዳዳ አጋጥሞ ያሳርፋል፤ በስልክ ፎቶ የሚዞረው ያ ብቻ ነው።

*እዚህ ላይ ካልተሳካ፦* በደንብ እንደሚመታ የታወቀ ሌላ ጠመንጃ ተውሳችሁ በዚያው ጠረጴዛ ተኩሱ። እሱም ከበተነ ችግሩ አቀማመጡ ወይም ተኳሹ ነው፤ ካቻቪቴውን መልሱ። እሱ ሰብስቦ ከመታ ወደ ደረጃ 2 እለፉ።

የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ የሚጠቁመው

ወረቀቱን ከመጣላችሁ በፊት እዩት።

- ወደ ላይና ወደ ታች የተዘረጋ፦ የጥይቱ ፍጥነት ይለዋወጣል፣ መምቻው (ቀለሁን መትቶ ጥይቱን የሚያፈነዳው) ደክሟል፣ ወይም የፊተኛው ከረጢት ቦታ ይቀየራል።
- ወደ ጎን የተዘረጋ፦ ነፋስ፣ ቃታ አሳሳብ፣ ወይም ጠመንጃው በየተኩሱ ወደ ጎን ዘንበል ማለቱ።
- ሁለት የተለያዩ ክምችቶች፦ የላላ ነገር አለ። የእንጨቱ ብሎን፣ የመነጽሩ ማሰሪያ ወይም የመነጽሩ ውስጥ።
- በርሜሉ እየሞቀ ሲሄድ በአንድ አቅጣጫ የሚሸሽ፦ እንጨቱ በርሜሉን ይገፋል።
- አራት አንድ ላይ ሆነው አንዱ የሚሸሽ፣ ያም በተደጋጋሚ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥይቱ ነው።
- በሁሉም አቅጣጫ የተበተነ፦ ያልተስማማ ጥይት፣ የቆሸሸ ማጉረሻ ወይም የተጎዳ አፈሙዝ።
- ወረቀቱን በጎኑ የቀደደ፣ ሞላላ ቀዳዳ፦ አረሩ እየተገለባበጠ ነው። ድምፅ ማፈኛ ከተገጠመ ወዲያው አውልቁ፤ አረሩ ውስጡን እየነካ ይሆናል። ካልተገጠመ በርሜሉ ላይ የተጻፈውን የጥይት ዓይነት አንብቡ። .22 ማግነም ተብሎ በተጻፈበት በርሜል ውስጥ ሎንግ ራይፍል መተኮስ አይቻልም፤ ማጉረሻው ስለሚሰፋው ቀለሁ ይሰነጠቅና ጋዝ ወደ ፊታችሁ ሊመለስ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ብሎኖቹን አንድ በአንድ

ከሁሉ በፊት ይህን የምናስቀድመው ነፃ ስለሆነ ነው፤ ደግሞም ብዙውን ጠመንጃ የሚያድነው እሱ ነው።

*የመነጽሩ ማሰሪያ።* ቀለበቶቹንና የሚቀመጡበትን መሠረት አውልቁ። ብዙ የ.22 ጠመንጃዎች የጀርባ ብረታቸው ላይ በ3/8 ኢንች (9.5 ሚሊ ሜትር) ወይም በ11 ሚሊ ሜትር ስፋት የተቆረጠ ሐዲድ አላቸው፤ ማሰሪያው ከዚያ ልክ ጋር የሚሄድ መሆኑን እዩ። ሐዲዱንና ብሎኖቹን በአልኮል ጥረጉ፤ ዘይት ያለበት ብሎን በቶርክ የሚነበበው ልክ አይሆንም። መሠረቱ በብሎን የሚታሰር ከሆነ የፊተኛው ብሎን ረዝሞ የበርሜሉን ጥርስ እንዳይነካ አረጋግጡ። መሠረቱ ሳይኖር ብሎኑን ብቻ በጣት አስገቡት፤ ከብረቱ ላይ የሚተርፈው ከመሠረቱ ውፍረት ከበለጠ ብሎኑ ረዝሟል። ጠበቀ የሚመስለው መሠረቱን ይዞ ሳይሆን ታችኛውን ብረት ገፍቶ ነው።

የቀለበቶቹን ብሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በየተራ ጥቂት በጥቂት፣ ከ15 እስከ 18 ኢንች-ፓውንድ ድረስ አጥብቁ። በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ከዚህ በላይ ማጥበቅ የመነጽሩን ቱቦ ያደቀዋል፤ የተደቀቀ ቱቦ ውስጥ ማስተካከያው አይሠራም። መነጽሩና ቀለበቱ በሚገናኙበት ቦታ በቀለም እስክሪብቶ አንድ መስመር አስምሩ፤ ከ50 ጥይት በኋላ መስመሩ ከተከፈለ መነጽሩ እየተንሸራተተ ነው።

*እንጨቱን የሚይዙት ብሎኖች።* ሁለቱንም አላሉ። ጠመንጃውን ሰደፉ ወለሉ ላይ፣ አፈሙዙ ወደ ላይ እንዲሆን አቁሙትና ብረቱን (በርሜሉንና ቦልቱ የሚሠራበትን አካል) ወደ ታች ተጫኑ፤ ሲተኮስ የሚገፋበት አቅጣጫ ያው ስለሆነ ቦታውን ይይዛል። መጀመሪያ የፊተኛውን ቀጥሎ የኋለኛውን እስከ 10 ኢንች-ፓውንድ፣ ከዚያ በዚያው ተራ እስከ መጨረሻው አጥብቁ። አምራቹ ያስቀመጠው ቁጥር ካለ እሱን ተከተሉ፤ ከሌለ ለእንጨት 15 ጥሩ መነሻ ነው። መካከለኛ ብሎን ካለ ንክ ብቻ አድርጉት፤ እሱን ማጥበቅ ብረቱን ያጎብጠዋል።

ሩገር 10/22 ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚይዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው፤ በርሜሉን ከብረቱ ጋር የሚያስሩት ደግሞ ከሥር ያሉ ሁለት ብሎኖች ናቸው። ሦስቱንም እዩ። በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር የሚያስር ቀለበት ከፊት ያላቸው ሞዴሎች ላይ እሱን አውልቆ መሞከርም ይጠቅማል።

ከጠበቀ በኋላ ደረጃ 1ን ድገሙ። ከተሻለ በዚያው አቁሙ። ጥቂት ብቻ ከተሻለ የእንጨቱን ብሎኖች በ2 ኢንች-ፓውንድ እየጨመራችሁ እስከ 25 ድረስ በየደረጃው ሁለት ስብስብ ተኩሱ። አንዳንድ ጠመንጃ የሚወደው ጥብቀት አለው፤ ሲገኝ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

*ብሎኑ ጥርሱ ከተበላ፦* አታስገድዱት፣ ሙጫም አታፍስሱበት። በጠመንጃ ጠጋኝ ይታይ።

ደረጃ 3፦ ጥይቱን ምረጡ

ሰዉ ለማመን የሚቸገርበት ቦታ ይህ ነው። የ.22 ጥይት ሲሠራ የሚያቀጣጥለው ውህድ በቀለሁ ከንፈር ዙሪያ ውስጥ ይዘረጋል። ውህዱ ወይም የከንፈሩ ውፍረት እኩል ካልሆነ ፍጥነቱ ይለያያል። የትልልቅ ጠመንጃዎችን ቀለህ ቤት ውስጥ ዳግም ሞልቶ ማረም ይቻላል፤ የዚህን ግን አይቻልም። የቀራችሁ መምረጥ ብቻ ነው፤ የሚመርጠውም በርሜሉ ነው። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች የተለያየ ጥይት ይወዳሉ።

ፍጥነቱን እዩ። ባለ 40 ግሬይን (2.6 ግራም) መደበኛ ጥይት ከበርሜሉ የሚወጣው በሴኮንድ 1070 ጫማ (326 ሜትር) ገደማ ነው፤ ከመጀመሪያውም ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው። «ሃይ ቬሎሲቲ» የሚባለው በ1235 ጫማ (376 ሜትር) ገደማ ይወጣና ዒላማው ጋ ሳይደርስ ከድምፅ ፍጥነት በታች ይወርዳል፤ በዚያ መሻገሪያ ላይ አየሩ አረሩን ያናውጠዋል። በጣም ፈጣኖቹ ደግሞ ቀላል አረር ይይዛሉ፤ ድምፃቸው የሚያስደስተውን ያህል ቀዳዳቸው አይሰበሰብም። በነፋስም ቢሆን ፈጣኑ ከመደበኛው በላይ ይገፋል፤ ብዙ አዳኝ ተቃራኒውን ያምናል።

ሙከራው እንዲህ ነው።

1. አራት ወይም አምስት ዓይነት ጥይት ባለ 50 ሳጥን አንዳንድ ግዙ። ለመነሻ ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ፣ ኤስኬ ስታንዳርድ ፕላስ፣ ኢሌይ ታርጌት፣ አንድ ባለ 40 ግሬይን ሃይ ቬሎሲቲ፣ እና ለአደን የምትፈልጉት ባዶ ጫፍ ያለው።
2. ዓይነት በቀየራችሁ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ከ10 እስከ 15 ጥይቶች አፈሩ ላይ ተኩሱ፤ አትለኩ። እያንዳንዱ አረር የራሱ ሰም አለው፤ በርሜሉ በአዲሱ ሰም እስኪለበስ ድረስ ውጤቱ የሁለቱ ድብልቅ ነው። ይህን የሚዘል ሰው ጥሩውን ጥይት መጥፎ ብሎ ይጥላል።
3. ቀጥሎ አምስት ስብስብ ባለ አምስት ተኩሱና አማካዩን ጻፉ።
4. ሁለቱን ምርጦች በሌላ ቀን ድገሙ።
5. ካሸነፈው ጥይት በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የሎት ቁጥር አንብቡና ከዚያው ሎት ለወቅቱ የሚበቃችሁን ግዙ። ስሙ ያው ሆኖ ሎቱ ሲቀየር ውጤቱም ሊቀየር ይችላል።

ካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለአደን እርሳስ አልባ ጥይት ብቻ ትፈቅዳለች። እዚያ የምታድኑ ከሆነ ሙከራውን በእርሳስ አልባው አድርጉ፤ አረሩ በጣም ቀላልና ፈጣን ስለሆነ በእርሳስ ያስተካከላችሁት ማነጣጠሪያ አይሠራለትም።

ጥይቱን ኪስ ውስጥ ልቅ አድርጋችሁ አትያዙ። ሰሙ አሸዋና ክር ይሰበስባል፤ ያ ሁሉ በርሜሉ ውስጥ ያልፋል። በበጋ መኪና ውስጥ የተረሳ ሳጥንም ለዒላማ ሙከራ አይሆንም።

*ሁሉም እኩል ከበተነ፦* ችግሩ ጥይት አይደለም። ወደ ደረጃ 4።

ደረጃ 4፦ ማጉረሻውንና በርሜሉን አጽዱ

ባለ .22 በርሜል ብዙ መወልወል አይፈልግም፤ ብዙ በርሜል ከተኩስ ይልቅ በመወልወል ተጎድቷል። ማጉረሻው የሚያልቅበትና ጠመዝማዛው ቦይ የሚጀምርበት ጫፍ ግን የተለየ ነው። እዚያ ላይ ጥላሸትና እርሳስ ተጋግሮ ቀለበት ይሠራል፤ አዲሱ አረር በዚያ ቀለበት ተጨምቆ ሲገባ ይጣመማል። ምልክቱ ቀድሞ ደህና የነበረ ጠመንጃ ከመቶዎች ጥይት በኋላ ቀስ በቀስ መበተኑ፣ ጥይት ሲጎርስም መክበዱ ነው። አጭሩን የ.22 ሾርት ጥይት በሎንግ ራይፍል ማጉረሻ ውስጥ ያዘወተረ ሰው ቶሎ ይደርስበታል።

1. ቦልቱን አውጡ። ዘንጉን ሁልጊዜ ከማጉረሻው በኩል አስገቡ። በአፈሙዝ በኩል የገባ ዘንግ የአፈሙዙን ጠርዝ ይፈገፍጋል፤ አረሩ በመጨረሻ የሚነካው ያንን ጠርዝ ነው።
2. በማጽጃ ፈሳሽ የራሰ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አሳልፉ፤ 10 ደቂቃ ጠብቁ።
3. ነሐስ ብሩሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ጊዜ አመላልሱ። ብሩሹ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ በመሃል አትመልሱት።
4. ለጥላሸቱ ቀለበት ያረጀ ብሩሽ ላይ የራሰ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ማጉረሻው ጫፍ ላይ አድርሳችሁ ወደ ፊት ሳትገፉ 20 ጊዜ ያህል አዙሩ። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ንጹሕ እስኪሆን ድገሙ።
5. በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። ከበርሜሉ ውስጥ ፈሳሽም ዘይትም መቅረት የለበትም።
6. በእጅ ባትሪ እዩ። የብረት ብርሃን ያለው ሽፋን በቦዮቹ መሃል ከቀረ እርሳስ ነው፤ 2 እና 3ን ድገሙ።

አሞኒያ ያለበት የመዳብ ማጽጃ ለተራ እርሳስ አረር አያስፈልግም። ሩገር 10/22ን የመሰሉ፣ ከኋላ ቀዳዳ የሌላቸው ጠመንጃዎች ላይ ዘንግ ትታችሁ ከማጉረሻ ወደ አፈሙዝ የሚጎተት የገመድ መወልወያ ተጠቀሙ።

አዲስ የተወለወለ በርሜል ወዲያው አይሰበስብም። ከ10 እስከ 20 ጥይት ተኩሱና ከዚያ ለኩ። በወለወላችሁ ማግስት አደን የምትወጡ ከሆነ ይህን አስቡበት።

*ጨርቁ በመሃል አንድ ቦታ ላይ በድንገት ከላላ፦* በርሜሉ እዚያ አብጦ ሊሆን ይችላል። ከውጭ በጣት ዳብሱ፤ ከውስጥ በባትሪ ጥቁር ክብ ፈልጉ። ከተገኘ መተኮስ አቁሙ፤ ያበጠ በርሜል አይጠገንም፣ ይቀየራል።

ደረጃ 5፦ መነጽሩን ተጠራጠሩ

ፈጣኑ ሙከራ ጤነኛ መነጽር ከሌላ ጠመንጃ አውልቆ መግጠም ነው። ስብስቡ ከጠበበ መልሱ ተገኘ። ትርፍ መነጽር ከሌለ፦

- *የማስተካከያው ፈተና።* አምስት ጥይት ተኩሱ። 20 ጠቅታ ወደ ላይ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ እያዞራችሁ በየመታጠፊያው አምስት ተኩሱ፤ ሁልጊዜ ያንኑ ነጥብ አነጣጥሩ። መጨረሻው ከመጀመሪያው ስብስብ ላይ ማረፍ አለበት። ጠቅታው ሩብ የማዕዘን ደቂቃ (ደቂቃው የዲግሪ አንድ ስድሳኛ ነው) ከሆነ 20ው በ50 ያርድ ላይ 66 ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሳል። ካልተመለሰ ወይም ዘግይቶ ከዘለለ መነጽሩ ውስጡ ተበላሽቷል።
- *የዓይን አቀማመጥ ፈተና።* ጠመንጃውን ሳትነኩት ከረጢቱ ላይ ነጥቡን እንዲያይ አድርጉና ጭንቅላታችሁን ብቻ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን አንቀሳቅሱ። መስቀሉ ከነጥቡ ላይ ከተንቀሳቀሰ መነጽሩ ለሌላ ርቀት የተሠራ ነው። ለ.22 የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ለ50 ያርድ፣ ለትልልቅ ጠመንጃ የሚሠሩት ለ100 ያርድና ከዚያ በላይ ናቸው። ርቀት ማስተካከያ ካለው አዙሩት፤ ከሌለው ጉንጫችሁ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ብቻ ነው ያለው አማራጭ።

በመነጽር ፋንታ የብረት ማነጣጠሪያ ካለ የኋለኛውን በጣት ግፉት። ከተነቃነቀ አገኛችሁት።

ደረጃ 6፦ እንጨቱ በርሜሉን ይገፋ እንደሆነ

አንድ የአሜሪካ የወረቀት ብር በእንጨቱና በበርሜሉ መሃል አስገቡና ከጫፍ ወደ ብረቱ ጎትቱ። ሁለት እጥፍ ሆኖ ያለ ጭንቅ ማለፍ አለበት። የሚያዝበት ቦታ ላይ እንጨቱ ይነካል። እንጨት ዝናብ ሲመታው ያብጣል፤ በመስከረም ደህና የነበረ ጠመንጃ በኅዳር የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

አንዳንድ አምራቾች ግን የእንጨቱ ጫፍ ላይ በርሜሉን የሚደግፍ ጉብታ ሆን ብለው ይተዋሉ። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት በሚመለስ መንገድ ሞክሩ፦ ከብረቱ ሥር ከፊተኛው ብሎን አጠገብ ቀጭን ካርቶን አስገብታችሁ በርሜሉ ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲላቀቅ አድርጉና ተኩሱ። ከተሻለ እንጨቱን ፍቁ። ከባሰ ካርቶኑን አውጥታችሁ በተቃራኒው የጎብኝ ካርድ ቁራጭ እንጨቱ ጫፍ ላይ ከበርሜሉ ሥር አድርጉና እንደገና ሞክሩ። ከእነዚህ አንዱ ግልጽ ልዩነት ካላመጣ እንጨቱን ተዉት።

መፋቅ ካለባችሁ ባለ 120 ብርጭቆ ወረቀት ክብ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ጥቂት በጥቂት ፍቁ፤ እየገጠማችሁ እዩ። የተፋቀውን ወዲያው ቫርኒሽ ቀቡት፤ ካልተቀባ ውኃ ይጠጣና የባሰ ያብጣል።

ሌላው ፍተሻ፦ አንድ ጣት በርሜሉና እንጨቱ መገናኛ ላይ አድርጋችሁ የፊተኛውን ብሎን ቀስ ብላችሁ አላሉ። በርሜሉ ሲንቀሳቀስ በጣት ከተሰማችሁ ብረቱ እንጨቱ ላይ ተጣሞ ነው የተቀመጠው። ለዚህ መቀመጫውን በኤፖክሲ ማስተካከል ያስፈልጋል። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ግን መከላከያ ቅባት የረሳ ሰው ብረቱን ከእንጨቱ ጋር አንድ አድርጎ ያጣብቀዋል። ካልሠራችሁት ለባለሙያ ስጡ።

ደረጃ 7፦ ካዝናና ቦልት

አምስት ጥይት በካዝና፣ አምስት ደግሞ አንድ በአንድ በእጅ እያጎረሳችሁ ተኩሱ። በእጅ የተጎረሰው ከተሰበሰበ ካዝናው አረሩን እየቧጨረ ነው። ተኩስ ቦታ ላይ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደሆነ፣ ጣታችሁ ከቃታው ርቆ አንድ ጥይት ከካዝና አጎርሳችሁ ሳትተኩሱ አውጡና አረሩን እዩ፤ በአንድ ጎን የተቆረጠ እርሳስ ይታያል። በመጀመሪያ ካዝናውን ቀይሩ።

የተተኮሱ አሥር ቀለሆችን ሰብስባችሁ የመምቻውን ምልክት አስተያዩ። ጥልቀቱ የሚለያይ ከሆነ ቦልቱ ውስጥ የተጣበቀ አሮጌ ዘይት ወይም የደከመ ስፕሪንግ አለ። ቦልቱን በአልኮል አጥባችሁ አድርቁት፤ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ መልሱለት። በሚኒሶታ ክረምት ወፍራም ዘይት መምቻውን ያዘገየዋል፤ ቀዳዳዎቹም ወደ ላይና ወደ ታች ይዘረጋሉ።

ባዶ ማጉረሻ ላይ ቃታ የመሳብ ልማድ ካለ የማጉረሻውን ጠርዝ በባትሪ እዩ። ብዙ የ.22 መምቻዎች ቀለህ ከሌለ ጠርዙን ይመቱትና ይጎረጉዱታል፤ ያኔ ጥይት መግባትም መውጣትም ይከብደዋል። ጠጋኞች ጉርጉዱን መልሶ የሚገፋ መሣሪያ አላቸው። በፋይል አትነካኩት።

ደረጃ 8፦ አፈሙዙ

ቦልቱ ወጥቶ፣ የጆሮ ጥጡን በቀስታ ወደ አፈሙዙ ውስጥ አስገብታችሁ ወደ ውጭ እየጎተታችሁ ዙሪያውን አዳርሱ። ክር የሚይዝበት ቦታ ላይ ቁስል አለ። በማጉያ መነጽር ደግሞ ከተኩስ በኋላ ጠርዙ ላይ የሚቀረውን የጥላሸት ንድፍ እዩ፤ በየቦዩ እኩል ከሆነ ደህና ነው፣ በአንድ ወገን ከረዘመ ጋዙ እኩል አይወጣም።

የተጎዳ አፈሙዝ በቶርኖ ላይ ይቆረጥና እንደገና ይስተካከላል። ቤት ውስጥ በድሪል የሞከረው ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ከማስቆረጣችሁ በፊት የበርሜሉን ርዝመት ለኩ፦ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የጠመንጃ በርሜል ከ16 ኢንች ማጠር አይችልም፤ ካጠረ ሌላ ዓይነት ምዝገባ የሚጠይቅ መሣሪያ ይሆናል። ርዝመቱ የሚለካው ከተዘጋ ቦልት ፊት እስከ አፈሙዝ ነው፤ የሚፈታ ነገር አፈሙዙ ላይ ካለ አይቆጠርም።

ደረጃ 9፦ ጠጋኙ ጋ ስትሄዱ

«ይበትናል» ብላችሁ አትስጡት። ወረቀቶቹን፣ የጥይቱን ዓይነትና ሎት፣ የብሎኖቹን ጥብቀት፣ የሞከራችሁትን መነጽር የጻፋችሁበትን ደብተር፣ ከተተኮሱት ቀለሆችም አሥሩን ይዛችሁ ሂዱ። የሚከፈልበት ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በርሜሉ እንዲቀየር ቢመክራችሁ በመጀመሪያ ዋጋውን ከአዲስ ጠመንጃ ዋጋ ጋር አስተያዩ፤ በርካሽ ሞዴሎች ላይ በርሜል ማስቀየር አያዋጣም። በሩገር 10/22 ላይ ግን በርሜሉ በሁለት ብሎን ስለሚፈታ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው።

ተጠግኖ ሲመለስ መነጽሩን በ50 ያርድ ላይ እንደገና አስተካክሉ፤ ከዚያ በ25፣ በ75 እና በ100 ያርድ አምስት አምስት ተኩሳችሁ የት እንደሚያርፍ ጻፉ። በ50 የተስተካከለ መደበኛ ጥይት በ100 ያርድ ላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ሽኮኮና ጥንቸል ላይ የምትተኩሱበት ርቀት አምስቱም ጥይት በ4 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ የገባበት የመጨረሻው ርቀት ይሁን፤ ያንን ቁጥር ሰደፉ ላይ በቴፕ ለጥፉት።